ፖሊሱ የማን ልጅ ነው?

በሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከምኖርበት መንደር በማይርቅ አንድ የቆርቆሮ አጥር ላይ አልፎ አልፎ የፖሊስ ምልመላ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ደረጃ፣ ከወንጀል ነፃ መሆን፤ የተለመደው ነው። ወጣቶች ከበው ያነቡታል። እኔም የመቀጠሪያ ዕድሜዬ ካለፈ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቆሜ አነባለሁ። የሚያቆመኝ ግን የተጻፈው አይደለም። በዚህ አገር ፖሊስ በተመለመለ ቁጥር ሰው በልቡ የሚጠይቀው፣ የትኛውም ማስታወቂያ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን የደንብ ልብስ የሚለብሰው የማን ልጅ ነው?

ፖሊስ የሚለው ቃል ከመግባቱ በፊትም አገሩ ያለ ጠባቂ አልኖረም። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ነዋሪ በሙሉ ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ከቦታው የማይነቃነቅበት አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ነበረ። ሌባ ሻይም ነበረ፤ መድኃኒት የተጋተ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የሚያዝበት። በሲዳማ ደግሞ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ሀላሌ የሚሉትን እውነት ያፈላልጋሉ፤ ይህ ዛሬም አልቀረም። የሌባ ሻይን ግፍ የሚናፍቅ ያለ አይመስለኝም። አውጫጭኙም ቢሆን የሥራ ቀን የሚያስፈታ፣ ድሃውን የሚያንገላታ ነበር። ነገር ግን በአውጫጭኝም ሆነ በሶንጎ ጠያቂውና ተጠያቂው ይተዋወቁ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም ያውቃል።

ደሞዝተኛ ጠባቂ በአዲስ አበባ በአራዳ ዘበኛ ተጀመረ። አገር አቀፍ የፖሊስ ኃይል የቆመው ግን ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በጎርጎርዮሳውያኑ 1942፣ በእንግሊዝ አማካሪዎች እርዳታ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በፖሊሱ ላይ ሥልጣን አለው ቢባልም እውነተኛው ትእዛዝ የሚወርደው ከአዲስ አበባ ነበር። መኮንኖቹ ከአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ይወጣሉ። ተራው ፖሊስ በአብዛኛው በሚያገለግልበት አካባቢ ይመለመል ነበር ይባላል። ይህ አባባል በደቡብ ሲነገር ግን ጠጋ ብሎ ማየት ያሻል። በዚያ ዘመን የደቡብ ከተሞች ነዋሪ ከሰሜን የመጣው ሹምና ወታደር፣ የእነርሱም ልጆች፣ የሚበዙበት ስለነበር፣ በከተማ የተመለመለ ሁሉ የገጠሩ ገበሬ ልጅ ነው ማለት አይቻልም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም አማርኛን የመንግሥቱ ይፋ ቋንቋ ስላደረገ፣ ከሳሽ ሲዳማ፣ ተከሳሽ ሲዳማ፣ መዝገቡ ግን አማርኛ ሆነ።

በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጡረተኛ አሥር አለቃ ነበሩ። ትውልዳቸው ሰላሌ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ በይርጋለም አገልግለዋል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋሼ ይላቸው ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንዲት እናት መጥታ ሩብ ሰዓት ሙሉ እያለቀሰች ስትናገር አስተርጓሚው ‹ላም ጠፋባት› ብሎ ይጨርሰዋል። እኔም ላም ጠፋባት ብዬ እጽፋለሁ። ማታ ስተኛ ግን የቀረው ንግግሯ የት ገባ እላለሁ።» ሲዳምኛ የለመዱት በኋላ ነው፤ ከገበያ እንጂ ከመሥሪያ ቤት እንዳልሆነ ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ከለመዱ በኋላ ከሰዎቹ ይልቅ አስተርጓሚው ይፈራቸው እንደጀመረም ሲያወሩ ይስቃሉ።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። በ1966 ዓ.ም. የፖሊሱ ብዛት 28,000 ያህል እንደነበረ ይገመታል፤ ለአንድ ሺህ ሰው አንድ ፖሊስ ገደማ ማለት ነው። ከእነዚህ 6,000 ያህሉ ፈጥኖ ደራሽ፣ 3,200 ያህሉ ኮማንዶ ነበሩ። ከሦስት ፖሊሶች አንዱ ለአድማና ለሽፍታ የተዘጋጀ ነበር ብንል አንሳሳትም። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የውጊያ ሥልጠና የወሰዱት በጦር ሠራዊት ሰፈር ሳይሆን በኮልፌው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ መሆኑ የዘመኑን ፖሊስ ጠባይ ይነግረናል። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ በታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት የፖሊስ ኮሚሽነሩ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ከአድመኞቹ ጋር ወግነው ሞተዋል። ቤተ መንግሥቱን የሚያውቅ ፖሊስ ነበረን። የገጠሩን መንገድ ግን ደሞዝ ለሌለው ነጭ ለባሽ ትቶታል።

ደርግ ሲመጣ ቁጥሩ ወረደ፤ በ1974 ዓ.ም. ወደ 17,000 ገደማ። በ1976ቱ የመጀመሪያ ሕዝብ ቆጠራ አገሪቱ 42 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት። አንድ ፖሊስ ከሁለት ሺህ ለሚበልጥ ሰው! ታዲያ ያን ዘመን በዕድሜ የደረሰበት ሰው ጠባቂ አነሰን ብሎ ሲያማርር ሰምታችኋል? ቀበሌው፣ አብዮት ጠባቂው፣ በየደጁ መሣሪያ ያነገተው የሰፈር ልጅ የፖሊሱን ቦታ ወስዶታል። ይኸኛውስ የሰፈር ልጅ ነበረ፤ ስምህን፣ የአባትህን ስም፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደገባህ ያውቃል። ትውውቅ ብቻውን ደግ እንደማያደርግ ያየነው ያኔ ነው።

ፖሊስን ለሕዝብ ብዛት አካፍሎ የሚናገር ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ለ100,000 ሰው 222 ፖሊስ የሚል መለኪያ ጠቅሶ የተባበሩት መንግሥታት ነው ይላል። ድርጅቱ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ በይፋ አላወጣም፤ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ሲገለበጥ የከበረ ቁጥር ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የማን ልጅነትን ጥያቄ ፊት ለፊት የመለሰ መሰለ። ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያደራጁ ሥልጣን ሰጠ፤ የፌዴራል ፖሊስም በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 207 ተቋቋመ። ሐዋሳ ግን የአንድ ሕዝብ ሳትሆን የብዙ ሕዝቦች ክልል መናገሻ ነበረች። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በከተማዋ አስተዳደር ጉዳይ ሰልፍ የወጡ ሲዳማዎች ሎቄ ላይ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ወደቁ። የሟቾቹ ብዛት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያን ቀን «የማን ልጅ ተኮሰ?» ብሎ የጠየቀው ሲዳማ ነበር።

ጥያቄው ግን ባለቤቱን ይቀይራል። በሰኔ 2010 ዓ.ም.፣ በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ በዚችው ከተማ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። በዚያ ሳምንት መለዮ ለባሹን በጥርጣሬ ይመለከት የነበረው ወላይታው ጎረቤቴ ነበር። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልልነት ጥያቄው ወደ ደም ሲለወጥ ደግሞ የደቡብ ክልል ጸጥታ በፌዴራል ኮማንድ ፖስት እጅ ገባ፤ ዳግመኛ ማንም የማያውቃቸው ፊቶች በየመስቀለኛው ቆሙ። እውነቱን ልናገር፦ እኔም ሳያቸው እፎይ ካሉት አንዱ ነበርሁ፤ የማንም ልጆች ስላልነበሩ።

የኅዳር 10 ቀን 2012ቱ ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማን ክልል አደረገ። የደቡብ ክልልም ተራ በተራ ተከፋፈለ፤ ፖሊሱም አብሮት። በመጋቢት 2015 መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት የክልል ልዩ ኃይሎች ፈርሰው አባላቱ ወደ መከላከያ፣ ወደ ፌዴራልና ወደ ክልል ፖሊስ እንዲገቡ ወሰነ። ይህ በአማራ ክልል ያስከተለው ተቃውሞና ጦርነት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሳያዩ አርፈዋል። በቀብራቸው ቀን ሲዳማዎች ሽማግሌዎች ከገጠር መጥተው በራሳቸው ቋንቋ አለቀሱላቸው። የሚያስተረጉም አልነበረም፤ አላስፈለገምም።

ባለፈው ጊዜ ማስታወቂያው ሲለጠፍ የጎረቤቴ ልጅ ቅጽ ይዞ መጣ። አባቱ ሲዳማ፣ እናቱ ወላይታ ናት፤ እርሱ እዚሁ ምሥራቅ ተወልዶ ያደገ፣ ሦስቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ የሚናገር ልጅ ነው። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ትምህርቱን ሞልቶ «ብሔር» የምትለዋ መስመር ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?» አለኝ። ጋሼ የምባለው አሁን እኔ ነኝ። እስክርቢቶውን ተቀብዬ ጥቂት ያዝሁትና መለስሁለት። ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ እናቱን ጠይቆ እንደሚሞላው ነግሮኝ ሄደ።