የሄቪ ሜታል ድራም፦ ነሐሱ፣ ቆዳውና ስሙ

የሄቪ ሜታል ድራም ተጫዋቾች በተገናኙበት ሁሉ የሚነሣ አንድ የቆየ ክርክር አለ። ይኸውም ከሉድዊግ፣ ከታማ፣ ከፐርልና ከሶኖር የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በባስ ድራሙ ፊት ላይ በጉልህ በተጻፈው የፋብሪካ ስም ዙሪያ ይሽከረከራል። የመሣሪያው ታሪክ ሲመረመር ግን የሚገኘው መልስ ሌላ ነው። የዚህን ሙዚቃ ድምፅ በቅድሚያ የወሰኑት የሲምባሉ ነሐስ፣ የሚመታው ቆዳና የእግሩ ፔዳል ናቸው፤ የፋብሪካው ስም ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዕድሜ ሁሉን የሚቀድመው ነሐሱ ነው። አቬዲስ የተባለ አርመናዊ አንጥረኛ በ1618 በቁስጥንጥንያ ከተማ መዳብና ቆርቆሮን ከጥቂት ብር ጋር ቀላቅሎ፣ ሳይሰነጠቅ ለረጅም ጊዜ የሚያስተጋባ ብረት አገኘ። ሰውየው ይፈልግ የነበረው ወርቅ እንደ ነበር ይተረካል። በ1623 የራሱን መሥሪያ ቤት አቋቋመ፤ ከሱልጣኑ ያገኘው ዚልጂያን የሚለው ስምም «የሲምባል ሠሪ ልጅ» ማለት ነው። ቅይጡ ከመቶ ሰማንያ እጅ መዳብ፣ ሃያ እጅ ቆርቆሮ ነው። ይህን ያህል ቆርቆሮ የገባበት ነሐስ በተለመደው አሠራር እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን፣ የቤተሰቡ ምሥጢር ከመጠኑ ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነበር። ምሥጢሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሮ፣ በ1929 ሣልሳዊ አቬዲስ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ፋብሪካውን ከፈተ። እርሱ በ1979 ካረፈ በኋላ ልጆቹ ስላልተስማሙ፣ ሮበርት የተባለው ተለይቶ በ1981 በካናዳ ሳቢያን የተባለውን ፋብሪካ አቋቋመ። ዛሬ ገዢው በሁለት ስም የሚያወዳድራቸው ሲምባሎች ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች መሆናቸውን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

የዚልጂያን ዋነኛ ተፎካካሪ የሆነው የፓይስቴ ቤተሰብ ከኢስቶኒያ የመነጨ ነው። አባትየው በ1906 በፒተርስበርግ ሱቅ ከፈተ፤ አብዮቱና ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ቤተሰቡን ወደ ታሊን፣ ወደ ፖላንድና ወደ ጀርመን ሲያንከራትቱት ቆይተው፣ በመጨረሻ በ1957 በስዊዘርላንድ ተደላደለ። ፋብሪካው በ1971 ያወጣው «2002» የተባለው ሲምባል የተሠራው ቆርቆሮው ከመቶ ስምንት እጅ ብቻ ከሆነ ነሐስ ነው። ድምፁ ብሩህና ስለታም ነው። በባዶ ክፍል ብቻውን ሲመታ ጆሮን ይቆረቁራል፤ ሁለት ጊታሮች በሙሉ ኃይላቸው ሲጮኹ ግን ከመካከላቸው ዘልቆ የሚሰማው እርሱ ነው። ሃያ እጁ ቅይጥ በአንጻሩ ሞቅ ያለና የተንሰራፋ ድምፅ ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። የስምንት እጁ ነሐስ በቀላሉ ወደ ገበታ ስለሚዳመጥ፣ ለጀማሪ የሚሸጠው ርካሽ ሲምባልም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከዚሁ ነው። ስለዚህ የቅይጡን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የመዶሻው ሥራ ነው።

ቆዳው ደግሞ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ እውነተኛ የጥጃ ቆዳ ነበር። እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ ድርቀት ሲበዛበት ይወጠራል፣ ይሰነጠቃልም። የከበሮን ቆዳ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር ሲያሞቁ ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። በ1956 ቺክ ኢቫንስ፣ በ1957 ደግሞ ሬሞ ቤሊ የተባሉ አሜሪካውያን ማይላር ከሚባል ፖሊስተር የተሠራ ቆዳ ለገበያ አቀረቡ። ብዙዎች የድሮው ቆዳ ለዛ ጠፋ ብለው አዘኑ፤ ኀዘናቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን የጥጃ ቆዳ ከዚያ በኋላ የመጣውን ድብደባ ይችለው ነበር ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

ድብደባው የመጣው ከጊታሩ የተነሣ ነው። በ1965 የእንግሊዙ ማርሻል ለ«ዘ ሁ» ቡድን ባለ 100 ዋት ማጉያ ሠራ። ጊታሩ በኤሌክትሪክ ሲያድግ ድራሙ በሰው ክንድ ላይ ቀረ። የመጀመሪያው መፍትሔ መሣሪያውን ማተለቅ ሆነ፤ የሌድ ዜፔሊኑ ጆን ቦናም ሃያ ስድስት ኢንች ስፋት ያለው የሉድዊግ ባስ ድራም ይመታ ነበር። በየካቲት 1970 የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት ብላክ ሳባዝ ድራም ተጫዋቻቸው ቢል ዋርድ ጃዝ እየሰማ ያደገ ነበርና፣ ከባዱን ሙዚቃ የሚመታው እንደ ጃዝ እየተወዛወዘ፣ አንዴ እያጎላ አንዴ እያለሰለሰ ነው። ለዚህ ዓይነቱ አመታት ሩብ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ ንብርብር ቆዳ ይስማማል፤ ለስለስ ያለውን ምት እንኳ ይመልሳልና።

ከዚያ በኋላ ችግሩ መልኩን ለወጠ። በ1979 የሞተርሄድ «ኦቨርኪል»፣ በ1986 ደግሞ ሠላሳ ደቂቃ የማይሞላው የስሌየር «ሬን ኢን ብለድ» ሲወጡ፣ ሁለቱ እግሮች ያለ ዕረፍት የሚሮጡበት አመታት ሥር ሰደደ። በደቂቃ 200 ምት በሚሄድ ዜማ ላይ እግሮቹ በየምቱ አራት ጊዜ ቢመቱ፣ በሴኮንድ ከአሥራ ሦስት በላይ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የትልቁ ድራም ረጅም ድምፅ ምቶቹን አንዱን በሌላው ላይ ይደፋቸዋል። ስለዚህ ድራሙ ወደ ሃያ ሁለት ኢንች ተመለሰ፣ በሆዱ ትራስ ገባበት፣ ቆዳው ሁለት ንብርብር ሆነ፣ የፔዳሉ ለስላሳ መምቻም በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ተተካ። ኢቫንስ በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ዘይት ያለበት ቆዳ ሠርቶ ነበር። ውጤቱ «ዱም» ማለቱን ትቶ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሆነ፤ በ1988 የወጣው የሜታሊካ አልበም የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። እያንዳንዱ ምት ጥርት ብሎ ተለየ፤ ቢል ዋርድ ይጠቀምበት የነበረው በጎላውና በለሰለሰው ምት መካከል ያለው ርቀት ግን ከሞላ ጎደል ጠፋ። ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም።

በዚህ መካከል የፋብሪካው ስም ድርሻ ምን ነበር? ሉድዊግ በየካቲት 1964 ሪንጎ ስታር በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ትእዛዝ ጎረፈለት። ታማ የተባለው የጃፓን ስም በ1974 ሲመጣ ብዙ ተጫዋቾችን የሳበው ከእንጨቱ ይልቅ በከባድ ምት የማይንገዳገደው የብረት መቆሚያው ነበር፤ የሜታሊካው ላርስ ኡልሪክና የስሌየሩ ዴቭ ሎምባርዶም የመቱት በታማ ነው። የሜፕል እንጨት ወፍራሙን ድምፅ ሰፋ አድርጎ፣ የበርች እንጨት ደግሞ አመታቱን ሹል አድርጎ እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሁለት ንብርብር ቆዳ ተወጥሮበት፣ ትራስ ተጎዝጉዞበት፣ ማጉያዎች እየጮኹበት ይህን ልዩነት ከአዳራሹ ወንበር ላይ ሆኖ የሚለይ ጆሮ ብርቅ ነው። አቅሙ የተወሰነ ባለሙያ የቆዳ ማረፊያ ጠርዙ ያልተጣመመ አሮጌ ድራም ገዝቶ፣ ገንዘቡን በአዲስ ቆዳና በደኅና ሲምባል ላይ ቢያውል ይጠቀማል።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተስፋፋው ትሪገር ክርክሩን ከነጭራሹ አናግቶታል። ይህ ትንሽ መሣሪያ በቆዳው ላይ ተለጥፎ ምቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ተመልካቹ የሚሰማው ድምፅ አስቀድሞ ከተቀዳ ድራም የመጣ ነው። በዚህ ዓይነት በሚደረግ ኮንሰርት የባስ ድራሙ ቆዳም፣ እንጨቱም፣ በፊቱ ላይ የተጻፈው ስምም አይሰማም። ሲምባሉ ግን ዛሬም በአብዛኛው የሚቀዳው ከላዩ በተሰቀለ ማይክሮፎን ነው፤ እያንዳንዱ የእንጨቱ አነካክ የሚሰጠው ድምፅ የተለያየ በመሆኑ ምትኩን ማግኘት አስቸግሯል።