የጌዴዎን ስም በቡሬ

የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ኮሎኔል ናታሌ ከከበቡት እጅግ የሚበልጠውን ጦሩን ይዞ ቡሬን ለቀቀ። በጎጃም ግንባር የጦርነቱ ሚዛን ያጋደለው በዚህ ዕለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዊንጌት ሠራዊቱን «የጌዴዎን ኃይል» ማለቱ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቁም ነገር አለው። በመጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን ምድያምን ያሸበረው በ300 ሰው፣ በሌሊት፣ በቀንደ መለከትና በችቦ ነው። በቡሬና በማንኩሳ ዙሪያ የተሠራበትም ዘዴ ይኸው ነበር፤ በጨለማ ተኩሶ መሰወር፣ በድምፅ ማጉያም ባንዳው ጣሊያንን እንዲከዳ በአማርኛ መጥራት። ካርቱም ይታተም የነበረው «ባንዲራችን» ጋዜጣም የዚሁ ዘመቻ አካል ነው። የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች መትረየሱን ሲቆጥሩ ይህን አማርኛ በግርጌ ማስታወሻ ያልፉታል፤ እኛም የቋንቋ ሰዎች ነን ባዮቹ ብዙ አልተሻልንም።

ይሁንና ቃል ብቻውን ምሽግ አያስለቅቅም። ናታሌን ያስጨነቀው የማፈግፈጊያው መንገድ ነበር፤ ከ1930 ወዲህ የጎጃም አርበኛ ገጠሩን አስጨንቆ ይዞበታልና ስጋቱ መሠረት ነበረው። ድሉም ንጹሕ አልነበረም፤ የካቲት 27 ቀን ደምበጫ አጠገብ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁለተኛውን የኢትዮጵያ ሻለቃ ጎድቶ አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት መጋቢት 28 ቀን ነው።

ያ ጦር ባፈገፈገበት መንገድ ላይ፣ በቡሬና በደምበጫ መካከል ያለችው ወጀት በኋላ በግእዝ «ፍኖተ ሰላም» ተባለች።