ከካምባ እስከ ጨው ቤት

በ1997 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቅነው ባች ሃያኛ ዓመታችንን የት እናክብር የሚለው ክርክር ሦስት ወር ፈጀ። አዲስ አበባ ሆቴል ይሻላል ያሉ ነበሩ፣ ግቢያችን ካልሆነ አንመጣም ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ዋናው ዝግጅት ጅማ እንዲሆንና ጊዜ ያለን አሥራ አንዳችን ቀደም ብለን ወደ ደቡብ ወርደን አርባ ምንጭን፣ ኮንሶንና ያቤሎን አይተን እንድንመለስ ተስማማን። ያቤሎን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያኔ ምክንያቱን በደንብ አልተናገርኩም፤ "ሰው እየጠለቀ ጨው የሚያወጣበት ሐይቅ አለ" ብዬ ብቻ አለፍኩት። ማህበሩ ስለ ጉዞው ጻፊ ሲለኝ ግን ያን ምክንያት ትቼ ጉዞውን ብቻ መጻፍ አልሆነልኝም።

የተወለድኩት ካምባ ነው። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ የጋሞን ተራሮች ወጥቶ በምዕራብ በኩል ለሚወርድ ሰው የሚገኝ አገር ነው። በልጅነቴ ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋና ከገበያ የሚመጣው ነገር ሁሉ በሰውና በአህያ ጀርባ ይሆን ነበር። አያቴ ጨዋን የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ወጥ ሲበስል ቋጠሮውን ትፈታለች፣ በጣቷ ቆንጥራ ትጨምራለች፣ መልሳ ትቋጥራለች። ትልቅ ሰው ሳይፈቅድ ጨው የነካ ልጅ ይገረፋል። ጨው ከየት እንደሚመጣ ስጠይቃት "ከቦረና፣ በኮንሶ በኩል" ትለኝ ነበር። ጥቁሩ ለከብት፣ ነጣ ያለው ለሰው።

አያቴ እንቅርት ነበረባት፤ ከሩቅ የሚታይ ትልቅ እንቅርት። በሠፈራችን ብዙ ሴቶች ነበረባቸው፤ ጌጥ ነው ብለው የሚቀልዱም ነበሩ። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚለውን ተረት አማርኛ ትምህርት ቤት ስማር ሰምቼ፣ እንቅርት ላይ ሌላ በሽታ መጨመሩ ሳይሆን እንቅርት ራሱ በሽታ ሆኖ መቆጠሩ ገርሞኝ ነበር። ከባዱ ግን እሱ አልነበረም። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ሲወለድ ጀምሮ አይሰማም፣ አይናገርም፣ ቁመቱ የአሥር ዓመት ልጅ ያህል ነው፣ ሲሄድ እግሩ ይተሳሰራል። በጋሞ ባህል ጎሜ የሚባል ነገር አለ። ሰው የተከለከለ ነገር ሲያደርግ፣ ወሰን ሲገፋ፣ የደበቀውን ጥፋት ሳይናዘዝ ሲቀር መዘዙ በራሱ፣ በልጁ ወይም በከብቱ ይወጣል ይባላል። የአጎቴም ነገር ጎሜ ነው ተባለ። የማን ጎሜ ነው የሚለው ደግሞ ቤተሰቡን ለዓመታት አናከሰው። አያቴ ስንት ጊዜ ሽማግሌ ፊት ቆማ "ምን አጠፋሁ?" ብላ እንደጠየቀች እናቴ ነግራኛለች።

ጅማ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛን ከክፍል ይልቅ ያስተማረን ገጠሩ ነው። ለማህበረሰብ ተኮር ትምህርት ተመድበን ቤት ለቤት ስንዞር የሴቶችንና የልጆችን አንገት እየዳሰስን ደረጃ ዜሮ፣ ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት ብለን እንመዘግብ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን በአዮዲን እጥረት ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ የተጎዳ ሰው ምን እንደሚመስል ሲዘረዝሩ፦ መስማት አለመቻል፣ አለመናገር፣ ማጠር፣ የእግር መተሳሰር። ማስታወሻ መያዙን ተውኩት። የአጎቴን መልክ እያነበቡልኝ መሰለኝ።

በዚያው ክረምት አገር ቤት ገብቼ ለአያቴ ነገርኳት። እዚህ ላይ ጥፋት ሠራሁ፤ ሃያ ዓመት ታማሚ ሳነጋግር ኖሬም ያን ቀን አልረሳውም። ነገሩን ላቅልልላት ብዬ በጋሞኛ "ጎሜ አይደለም፣ ጨው ነው የጎደለው" አልኳት። ዝም አለች። በማግስቱ ጠዋት እንጀራ ስትጋግር ዞር ብላ ጠየቀችኝ፦ ጨው መግዣ አጥቼ ልጄን የጎዳሁት እኔ ነኝ ማለት ነው? ሁለት ቀን ሙሉ ሳስረዳ ዋልኩ። የጎደለው ጨው ሳይሆን ጨው ላይ የሚጨመር መድኃኒት መሆኑን፣ በዚያ ዘመን በጆንያ ብትገዛ ኖሮም መድኃኒቱ እንዳልነበረበት፣ የተራራው ዝናብ አፈሩን አጥቦ ጎመኑም በቆሎውም ባዶ እንደሆነ። ራሷን ነቀነቀች። አመነችኝ ወይስ ዝም በይ ስትለኝ ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም።

ያን ጨው ከምንጩ ማየት የፈለግኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጉዞው ከመግባቴ በፊት ስለ ጨው ታሪክ ትንሽ ልበል፤ የባቻችን ሰዎች በመኪና ውስጥ ስለዚህ ሳወራ እንቅልፍ ስለወሰዳቸው አሁን ያንብቡት። ጨው በአገራችን ገንዘብ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ኮስማስ የአክሱም ነጋዴዎች ወደ ወርቁ አገር ጨው፣ ብረትና በሬዎች ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሄድና ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር መዝግቧል። ያ ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ፣ ከአሳሌ ሐይቅ ዳር፣ እንደ ጡብ እየተቆረጠ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ የሚወጣው ነው፤ አሞሌ የምንለው። አሞሌው ከዚያ እጅ በእጅ እየተቀባበለ በጎጃም አድርጎ እስከ ጅማ ይደርስ ነበር። እኛ ተማሪ ሆነን ሳንቲማችንን የጨረስንበት የጅማ ገበያ የድሮው ሂርማታ ነው፤ በአባ ጅፋር ዘመን ባሪያውም ቡናውም ዝባዱም በአሞሌ የተሸጠበት። ምኒልክ በራሳቸው መልክ ብር ካሳተሙ በኋላም አሞሌ ቶሎ አልሞተም።

የጋሞ ደጋ ግን ለአፋር ጨው የመንገዱ መጨረሻ ነበር። ቅርቡ የቦረና ነው። በቦረና ምድር ጨው የሚሰጡ አራት የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች አሉ፦ ዲሎ፣ ጎራዬ፣ መጋዶና እኛ ያየነው ኤል ሶድ። የኛ ሰው ጨው ቤት ይለዋል።

ከያቤሎ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። የሜጋን መንገድ ይዘን ዱብሉቅ ስንደርስ ቆምን፤ የቱላ ጉድጓዶች አካባቢ ወጣቶች በመሰላል ላይ ተደርድረው ውሃውን እየዘፈኑ ወደ ላይ ሲቀባበሉ አየን። ከዚያ ከዋናው መንገድ ወጥተን ኤል ሶድ መንደር ገባን። አስጎብኚያችን የመንደሩ ልጅ ነው፤ አማርኛው የጠራ፣ ቀልድ የሚያውቅ። "ኤላ" ጉድጓድ ማለት መሆኑን ነገረንና "ጉድጓዱን ግን እኛ አልቆፈርነውም" አለ። መንደሩ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ስትሄዱ መሬቱ ያልቃል፤ ከታች፣ ከብዙ መቶ ሜትር በታች፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት የመሰለ ጥቁር ሐይቅ ተኝቷል። ዙሪያው ገደል ነው። አንዳችንም ፎቶ ለማንሳት አልቸኮልንም።

ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀብን። እኛ ስንወርድ አህዮች እርጥብ ጆንያ ተሸክመው ማንም ሳይነዳቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መንገድ የምንለቀው እኛ ነን። ታች ስንደርስ ሽታው ያዘን። ሐይቁ ውስጥ አምስት ስድስት ሰዎች አሉ። ልብስ የለም፤ ጨዋማው ውሃ ልብስ ይበላል። አፍንጫቸውንና ጆሯቸውን በላስቲክና በጭቃ ይደፍናሉ፣ ረጅም ዱላ ይዘው ታች ያለውን ጭቃ ፈልገው ይፈነቅላሉ፣ ትንፋሽ ይይዛሉ፣ ይጠልቃሉ፣ ጥቁር ጭቃ ታቅፈው ይወጣሉ። ዳር ላይ ይከመራል። ጥቁሩ ለከብት ይሸጣል፣ ነጩ ጥሬ ጨው ለሰው። ልክ አያቴ እንዳለችው።

አብሮን የነበረ የአንገት በላይ ሐኪም ጓደኛችን አንዱን ሠራተኛ አስፈቅዶ በስልኩ መብራት ጆሮውን አየለት። ታምቡሩ ተበስቷል። ጓደኛችን ሃያ ዓመት የለመደው ምክር ከአፉ አመለጠው፦ "ውሃ እንዳይገባበት ተጠንቀቅ።" ሰውየው መጀመሪያ አስጎብኚውን፣ ከዚያ ሐይቁን አየ። ከዚያ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ጓደኛችን ግን ዳገቱን እስክንጨርስ ቃል አልተነፈሰም። አስጎብኚው እንደነገረን፣ ባለፉት ዓመታት ዝናብ ጠፍቶ የቦረና ከብት ሲያልቅ፣ ጨው ነክተው የማያውቁ ልጆች ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ወርደዋል።

መውጣቱ አንድ ሰዓት ከግማሽ ወሰደብን። አህዮቹ ቀደሙን።

ላይ ወጥተን ጥላ ሥር ሻይ እየጠጣን ሳለ ቪየና የምትሠራው ጓደኛችን የሃልሽታትን ወሬ አነሳች። ኦስትሪያ ውስጥ በአልፕስ ተራሮች መካከል ሐይቅ ዳር ያለ ከተማ ነው፤ ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ጨው የተቆፈረበት፣ የአውሮፓ የብረት ዘመን አንዱ ምዕራፍ በስሙ የሚጠራበት። ለአንድ ቀን ጉብኝት ሄዳ የማዕድን ሠራተኛ ልብስ አልብሰዋት፣ በእንጨት መንሸራተቻ ወደ ታች ተንሸራትታ፣ ፎቶ ተነስታ ተመልሳለች። "እዚያ ጎብኚውን ያለብሱታል፣ እዚህ ሠራተኛው ያወልቃል" አለች። እኔ ደግሞ ስለ አልፕስ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

ያ ውብ ተራራ በእንቅርት የታወቀ ነበር። የመንገደኞች ጽሑፍ ሁሉ እንቅርት ያለባቸውን ሴቶችና እንደ አጎቴ ያሉ ሰዎችን ይጠቅሳል፤ እዚያም እርግማን፣ ዘር፣ ቆሻሻ ውሃ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ አዮዲን ለእንቅርት ሰጠ፤ መጠኑ ሲበዛ ሰው ስለጎዳ መድኃኒቱ ተጠላ። አንድ መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። በ1918 ኦቶ ባያርድ የሚባል የተራራ መንደር ሐኪም፣ ፕሮፌሰር ያልሆነ፣ ጨው ላይ በጣም ጥቂት አዮዲን ቀላቅሎ ግሬኸን በምትባል መንደር ለቤተሰቦች አደለና እንቅርቱ ሲቀንስ አየ። በ1922 ደግሞ ሃንስ ኤገንበርገር የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በአፐንዜል ሕዝቡን ፊርማ አስፈርሞ አዮዲን ያለበት ጨው እንዲሸጥ አደረገ። ሁለቱም የገጠር ሐኪሞች ነበሩ፤ ለኛ ለጅማ ልጆች ይሄ ደስ ይላል።

የአያቴን ታናሽ ልጅ ሊያድነው የሚችለው ነገር፣ እሱ ሲወለድ ሌላ አገር ላይ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። እንደ ሐኪም ይሄን ሳስበው ንዴት ይይዘኛል፤ አዋቂ ነህ የተባለ ሁሉ የሚያውቀውን ካምባ የሚያደርስ ሰው ጠፍቶ።

የኛም አገር ታሪክ ቀጥ ያለ አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ያ መንገድ ተዘጋ። ጨው ማምረቱ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ዞረ፤ ጨው በዛ፣ አዮዲኑ ግን አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። እኛ ኢንተርን ሆነን አንገት ስንዳስስ የነበረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው፤ ያኔ ግን ማንም አልነገረንም። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ወጥቶ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። በዚያው ዓመት የሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው ያገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 በመቶ ደረሰ። አለው ማለትና በቂ አለው ማለት ይለያያል እንጂ፣ በአምስት ዓመት ይህን ያህል የተለወጠ ነገር በሙያ ሕይወቴ ብዙ አላየሁም። በነገራችን ላይ፣ እናቶቻችን ጨው የሚያጥቡትና ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ነገር አዮዲኑን ያጠፋዋል፤ ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመርና ዕቃውን መክደን ይሻላል። ካሳቫ አዘውትሮ ለሚበላ ቤት ደግሞ በደንብ ሳይዘፈዘፍ አይበላ፤ በውስጡ ያለው ነገር አዮዲኑን ከእንቅርት ዕጢ ያባርራል።

ከኤል ሶድ አንድ እፍኝ ነጭ ጨው ገዝቼ በላስቲክ ቋጠርኩ። ጓደኞቼ ከአርባ ምንጭ ወደ ጅማ ሲቀጥሉ እኔ ለሁለት ቀን ካምባ ወጣሁ። ጤና ጣቢያ ውስጥ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ የጨው መመርመሪያ ጠብታ ነበራት። ማታ እናቴ ቤት በሁለት ማንኪያ ላይ አደረግነው፤ አንዱ እናቴ ከሱቅ የገዛችው፣ ሌላው የኔ። ጠብታው የእናቴን ጨው ሰማያዊ አደረገው። የኔው እንደነበረ ቀረ።

አጎቴ ከምድጃው ማዶ ተቀምጦ ያይ ነበር። ተነስቶ መጣና ጣቱን ሰማያዊው ላይ ነክሮ ወደ አፉ ሊወስድ ሲል እናቴ እጁን ያዘችው፤ መድኃኒት ነው ብላ በምልክት አሳየችው። እሱም በምልክት ሌላውን ጠየቀ። እናቴ ከቦረና ያመጣሁትን ጨው ከነላስቲኩ ሰጠችው። አሸተተው፤ ወጥቶ ለላሟ አላሳት።