ሽታው ከማን ቤት ነው? የፍሳሽ ቧንቧ ታሪክና የአንድ ሺኩን ጣሪያ

ባለፈው ዓመት ከወጣቶች ጋር ባደረግነው ውይይት ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ትምህርት ቤት ስለ ሰለሞን ዘመቻ ስንማር፣ ኢትዮጵያውያኑ ሲመጡ ሽንት ቤት እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር ተባለ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እውነት ነው እንዴ?»

እውነት ነው አልኳት። ውሃ የሚለቀቅበትን ሽንት ቤት አብዛኛው ሰው አያውቀውም ነበር። እኔ ራሴ በግንቦት 1991 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲመጣ፣ ከዚያ መሀል የነበርኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ። ያሳረፉን ሆቴል ውስጥ አንዲት ወጣት ሴቶቹን ሰብስባ መልቀቂያውን እየጫነች ታሳይ ነበር። ሁሉም አየ፣ አንዳንዱም ሳቀ። አያቴ ግን አልሳቁም። አስተርጓሚውን ጠርተው «ልጄ፣ ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁት። አስተርጓሚው ሳቀና ሳይመልስላቸው አለፈ።

ይቺ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። ግን የፍሳሽ ታሪክ በሙሉ እሷን ለመመለስ የተደከመ ድካም ነው። ለዛሬው ጽሑፌ የተነሣሁትም ለልጅቷ በአምስት ደቂቃ መመለስ ስላቃተኝ ነው።

አያቴ ለምን እንደጠየቁ ላስረዳ። የቤተ እስራኤል መንደሮች ወንዝ ወይም ምንጭ አጠገብ የሚቆረቆሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። የንጽሕና ሕጉ የሚፈጸመው በሚፈስ ውሃ ነው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ወደ መርገም ጎጆ ትወጣለች፣ ስትመለስ ውሃ ትወርዳለች። ከውጭ ሰው ጋር የተነካካም እንደዚያው። «አትንኩኝ» የሚባሉትም ለዚህ ነው። ጎረቤቶቻቸው «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» ይሏቸው እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያወራሉ። በኛ መንደር የሚጠጣው ከላይ ይቀዳል፣ ልብስ የሚታጠበው ከታች ነው፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን አልነበረም። ለመጸዳዳት ደግሞ ከመንደር ራቅ ይባላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይ ለጦር ሰፈር የተሰጠው ሥርዓትም ይኸው ነው፤ ከሰፈር ውጣ፣ መቆፈሪያ ያዝ፣ ቆፍር፣ መልሰህ ሸፍን። እንዲህ ላደገ ሰው እንግዳ የሚሆነው የንጽሕና ሐሳብ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው ነገሩን ቤት ውስጥ፣ ያውም ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጎን ማድረጉ ነው። እውነቱን ለመናገር የሰው ልጅም ይህን ነገር በደንብ የተማረው በቅርብ ነው።

ቧንቧው ራሱ ጥንታዊ ነው። በኢንዱስ ሸለቆ የሞሄንጆ ዳሮ ሰዎች ከ4,000 ዓመት በፊት የመታጠቢያቸውን ውሃ በጡብ በተሠራ፣ ክዳን ባለው ቦይ ወደ መንገድ ያወጡት ነበር። እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ በዳዊት ከተማ ቁፋሮ፣ የአሒኤል ቤት በሚባለው ፍርስራሽ አጠገብ መሀሉ የተበሳ የድንጋይ መቀመጫ ከነጉድጓዱ ተገኝቷል። ባቢሎናውያን በ586 ዓመተ ዓለም ከተማዋን ከማጥፋታቸው በፊት የነበረ ነው። ተመራማሪዎች ከጉድጓዱ ውስጥ የአንጀት ትላትል እንቁላል አገኙ። ያ ባለጸጋ፣ የድንጋይ መቀመጫ ያሠራው ሰው፣ ሆዱን ይቆርጠው ነበር ማለት ነው!

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ከመንገዱ ሥር የተሠራው የውሃ መውረጃ ነው። ከምዕራባዊው ግድግዳ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ይወርዳል። ሰው ጎንበስ ብሎ ሊሄድበት ይችላል። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ከተማዋን ሲያቃጥሉ ሰዎች ከመሬት በታች ተደብቀው እንደነበር ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የምንለው ጸሐፊ ጽፏል። አርኪዮሎጂስቶቹም በዚያ ቦይ ውስጥ የማብሰያ ድስቶችና ሳንቲሞች አገኙ። ዛሬ ለጉብኝት ክፍት ስለሆነ ሄዳችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

እንግዲህ ውሃን ወደ ታች መውሰድ ለጥንቶቹም አልከበዳቸውም። የከበዳቸው ሌላ ነገር ነው። ቆሻሻን የሚያወጣ ቱቦ በር ነው፤ በር ደግሞ በሁለቱም በኩል ያስገባል። ሽታው፣ ጋዙ፣ በረሮው፣ አይጡ በዚያው በኩል ይመለሳል። ሮማውያን ያን ሁሉ ቦይ ሲሠሩ ለዚህ መፍትሔ አልነበራቸውም።

መፍትሔውን ያገኘው ሰዓት ሠሪ ነው። የኤድንብራ ተወላጁ አሌክሳንደር ካሚንግ በ1775 ለውሃ ሽንት ቤት የፈጠራ መብት ሲያወጣ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቧንቧ እንደ እባብ አጠፈው። በእጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ ያ ውሃ መዝጊያ ነው። ቆሻሻ ያልፋል፣ አየር አይመለስም። ላቫንዲኖ ሥር ጎንበስ ብላችሁ የምታዩት፣ እዚህ ሀገር ሲፎን የምንለው እጥፋት ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፣ ይህ ግን በመሠረቱ አልተለወጠም።

ነገር ግን ሲፎን መኖሩ ለብቻው አልበቃም። ለንደን በ1858 ምን እንደደረሰባት ተመልከቱ። ሀብታሞቹ የውሃ ሽንት ቤት አስገቡ፣ ቤቶች ሁሉ ከከተማው ቦይ ጋር ተያያዙ፣ ቦዮቹ ደግሞ ወደ ቴምዝ ወንዝ ይከፈታሉ። ከወንዙ ይጠጡ ነበር። በ1854 ሐኪሙ ጆን ስኖው በአንድ ሰፈር የተነሣው ኮሌራ ከአንድ የውሃ ፓምፕ እንደመጣ ቢያሳይም ሰሚው ጥቂት ነበር፤ በሽታ በመጥፎ ሽታ ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበርና። በ1858 በጋ ሙቀቱ ሲበረታ ወንዙ ስለከረፋ በፓርላማው መስኮቶች ላይ በኬሚካል የተነከረ መጋረጃ ተሰቀለ። ያኔ ገንዘቡ በአንዴ ተገኘ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆኑ ዋና ቦዮችን አስገነባ። በአያቴ ቋንቋ ስናገር፣ የዓለም ትልቁ ከተማ የሚጠጣው ከላይ፣ የሚታጠበው ከታች መሆኑን በሺዎች ሞት ተማረ።

ቀጥሎ ችግሩ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ሕንጻ ወደ ላይ ሲያድግ ሲፎኖች ያለ ምክንያት መድረቅ ጀመሩ። ይቺን ነገር ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ የታሪኬ ቁልፍ እዚህ ነው። ከላይኛው ፎቅ ሽንት ቤት ሲለቀቅ፣ ውሃው በቁም ቧንቧ ውስጥ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ግድግዳውን ይዞ እንደ ቆዳ ተለጥፎ ይወርዳል፣ በመሀሉ አየር ይዞ ይሄዳል። ከኋላው ያለውን አየር ይስባል፣ ከፊቱ ያለውን ይገፋል። ቧንቧው ከላይ ክፍት ከሆነ የተሳበው አየር ከሰማይ ይመጣል። ከተዘጋ ግን ከየሲፎኑ ይመጣል፣ ውሃውንም መጥጦ ይወስዳል። ታች ያለው ቤት ደግሞ የተገፋው አየር በወለሉ ቀዳዳ ቡልቅ ቡልቅ ይልበታል። ሲፎን የሚይዘው ውሃ ጥልቀቱ አምስት ሳንቲም ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ብርጭቆ ውስጥ በስትሮ ንፉ፤ እሱን ለማለፍ የሕፃን ትንፋሽ ይበቃል።

ስለዚህ የፍሳሽ ቧንቧ ንድፍ ከውሃው ይልቅ የአየር ንድፍ ነው። ቁም ቧንቧው ስፋቱን ሳይቀንስ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ወደ ሰማይ መከፈት አለበት። የተቀረው የእጅ ሙያ ነው። ለ110 ሚሊ ሜትሩ ቧንቧ በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲም ዝቅታ ይሰጠዋል፣ በውሃ ልክ ይለካል፣ በየመታጠፊያው መክፈቻ ይተዋል። በ1940 ሮይ ሀንተር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ደግሞ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሽንት ቤት አይገባም ብሎ በዕድል ስሌት የቧንቧን ስፋት የሚወስንበትን መንገድ አወጣ። መሐንዲሶች እስከ ዛሬ በሱ መሠረት ላይ ይሠራሉ። በዚህ ሀገርም በ1970 የወጣው የንጽሕና ተቋማት መመሪያ፣ ኢንስታላቶሮች «ሃላት» የሚሉት፣ ይህን ሁሉ ወደ ደንብ አገባው።

የኛ ሺኩን ግን ከመመሪያው በፊት የተሠራ ነው።

በ1995 ከካራቫን ወጥተን በደቡብ ባለች ከተማ አራት ፎቅ ካለው ሕንጻ የምድር ቤቱን በማሽካንታ ገዛን። ቧንቧዎቹ የብረት ሆነው በውጭ ግድግዳ ላይ እንደ ደም ሥር ይወርዳሉ። በሁለተኛው ዓመት ሽታ መጣ። ደረጃው ላይ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ላይኛው ፎቅም። አንድ ቀን የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በራችንን አንኳኩ። ትሑት ሰው ነበሩ፣ አልጮኹም። «ምግባችሁ ነው» አሉ፣ «ቅመሙ። ሽታው ከታች ነው የሚመጣው።» ለሌሎቹም ነግረው ኖሯል፤ በቫአድ ባይቱ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሣ። ዕብራይስጡን የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። ለእናቴ በሙሉ አልነገርኳትም፣ እሷ ግን ገብቷታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ሽንኩርት የምታቁላላው ሰው ከተኛ በኋላ፣ መስኮት ዘግታ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፋ ሆነ። በርበሬውን ወደ አክስቴ ቤት ላከችው። ለሰንበት ሩዝና ዶሮ በምድጃ እንበላ ጀመር።

አጎቴ ያኔ ከሮማንያ ከመጣ አንድ ሽማግሌ ኢንስታላቶር ጋር በረዳትነት ይሠራ ነበር። ሰንበት እንደወጣ ሊጠይቀን መጣና ቡናው እስኪፈላ ዝም ብሎ ተቀመጠ። መታጠቢያ ቤታችን ቡልቅ አለ። «ይሄ ሁልጊዜ ነው?» አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ እሱ ከገባን ጀምሮ ነው፤ ተወው» አለች እናቴ።

«አንተ ልጅ፣ ከላይ ሽንት ቤት ሲለቁ ሂድና ስማ» አለኝ። ሦስተኛ ፎቅ አንዲት ከሞሮኮ የመጡ ባልቴት ነበሩ፤ ልመናዬን ሰምተው ለቀቁልኝ። የሳቸው ላቫንዲኖ እንደተጠማ ፈረስ ጮኸ። ሲፎኑ ውስጥ ሳይ ውሃ የለም። ሮጬ ወርጄ ነገርኩት። አጎቴ ሳቀና የእጅ ባትሪ ይዞ ጣሪያ ወጣ።

ጣሪያው ባለፈው ዓመት አዲስ ሬንጅ ተቀብቶ ነበር። ሠራተኞቹ የቁም ቧንቧዎቹን አናት ከወለሉ እኩል ቆርጠው፣ በላዩ ላይ ጨርቁን አንጥፈው፣ ሬንጁን አፍስሰውበታል። ለሥራ ስለማያመቻቸው ይሆናል። ዝናብ እንዳይገባ ብለውም ይሆናል። ሕንጻው በአንድ ቀን አፍንጫው ተደፈነ። አጎቴ በማግሥቱ ሬንጁን ቀዶ፣ በጎማ ማያያዣ አንድ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ቀጠለና ቆብ ደፋበት። ገንዘብ አልጠየቀም። ቧንቧውንም የገዛው አባቴ ነው።

የምትስቁ ካላችሁ የሆንግ ኮንጉን ልጨምርላችሁ። በመጋቢት 2003፣ አሞይ ጋርደንስ በሚባሉ የ33 ፎቅ ሕንጻዎች ከ300 በላይ ሰዎች በሳርስ ተያዙ። ምርመራው እንዳሳየው አንድ በሽተኛ የተጠቀመበት ሽንት ቤት ፍሳሽ ባለፈበት ቁም ቧንቧ የወለል ሲፎኖች ደርቀው ነበር፤ ሰው ወለሉን ማጠብ ትቶ መወልወል ስለጀመረ ውሃ አያገኙም። የመታጠቢያ ቤት የአየር መሳቢያዎች ደግሞ የቧንቧውን አየር ወደ ቤት ሳቡት። እዚህ ሀገር ማሕሶም ሪትስፓ የምንለው የወለል ቀዳዳም ያው ባሕርይ አለው። ለበጋ ዕረፍት ቤት ዘግታችሁ ስትሄዱ ይደርቃል፤ ስትመለሱ ግማሽ ባልዲ ውሃ አፍስሱበት።

አያቴ ያኔ በሕይወት ነበሩ። አጎቴ ከጣሪያ ሲወርድ ቧንቧው የት እንደሚሄድ ነገራቸው፤ ከግድግዳው ወደ ግቢው ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ወደ ጎዳናው፣ ከጎዳናው ወደ ማጣሪያው፣ ከማጣሪያው ደግሞ ወደ እርሻ። እዚህ ሀገር አብዛኛው ፍሳሽ ተጣርቶ ተመልሶ እርሻ ያጠጣል። አያቴ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ከታች ማን አለ?» አሉ። ማንም እንደማይጠጣው እስኪያምኑ ድረስ አላስተኙትም።

ሽታው በሳምንቱ ጠፋ። እናቴ በርበሬዋን ከአክስቴ ቤት አስመጣችና ለሰንበት ዶሮ ወጥ ሠራች፣ መስኮቱን ከፍታ። እሑድ ጠዋት የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ደረጃው ላይ አገኙኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አየህ» አሉኝ፣ «ያንን ምግብ ስትተዉት ሽታው ጠፋ።» ለእናቴ አላስተረጎምኩላትም።