532፦ ፀሐይ፣ ጨረቃና ሳምንት የሚገናኙበት ቁጥር

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን፣ በኮልፌ ቀራንዮ አጥቢያዎችም ሆነ በመላ አገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት የሆነው ባሕረ ሐሳብ ይታወጃል። ወንበሩ፣ አበቅቴው፣ መጥቁ፣ ጾሙና ትንሣኤው የሚውልበት ቀን ለምእመናን ይነገራል። ይህን ሁሉ የተሸከመው ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉት 532 ነው።

532 የ4፣ የ7 እና የ19 ብዜት ነው። 4 ወንጌላውያኑ የሚፈራረቁበት ዙር፣ 7 ዕለታቱ፣ 19 ደግሞ ጨረቃ ከፀሐይ ዓመት ጋር የምትገጥምበት ዘመን ነው። ሦስቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ 532 ዓመት ሳይሞላ ሁሉም በአንድነት ወደ መነሻቸው አይመለሱም።

የ19 ዓመቱን ዙር ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር፤ በአቴና የሥነ ፈለክ ሊቁ ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት አስተዋወቀው። እስክንድርያ ለፋሲካ ስሌት ወሰደችው፤ በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም መነኩሴው አንያኖስ የ532 ዓመቱን ሰንጠረዥ አሰናዳ። የእኛ ትውፊት ባሕረ ሐሳብን የሚሰጠው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ነው። የግብጻዊው ሊቅ የአቡ ሻክር ድርሰት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ግእዝ ሲመለስ ትምህርቱ ይበልጥ ሰፋ። የቀደሙ ጸሐፍትም ዓመተ ምሕረትን በ532 ዓመት ዙር እየቆጠሩ ዜና መዋዕል ጽፈውበታል።

ካቶሊካዊቷ አውሮፓ በ1582 እንደ ራሷ አቆጣጠር የዘመን መቁጠሪያዋን ስታሻሽል ከዚህ ዙር ወጣች። በቀጣዩ ዓመት፣ የኢትዮጵያን የዘመን ስሌት ያጠናው አውሮፓዊ ሊቅ ስካሊገር 532ን በሮማውያን የ15 ዓመት የግብር ዙር አብዝቶ 7980 አገኘ። የሥነ ፈለክ ሰዎች ዛሬም ቀን የሚቆጥሩት ከዚህ የ7980 ዓመት ዙር መነሻ ተነሥተው ነው።

የቁጥሩ ኃይል በተግባር ይታይ። 2018 ዓ.ም. ላይ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። ከዚህ በኋላ 14ቱ ዙር አያስፈልጉም፤ 70 ብቻውን ይበቃል። ለ4 ሲካፈል 17 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ከማቴዎስ ሲቆጠር ዘመኑ ማርቆስ ነው። 70 እና 17 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 3 ይተርፋል፤ ከማክሰኞ ሲቆጠር መስከረም 1 ሐሙስ ነው። 70 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም ከ19 ዓመቱ ዙር የተፈጸሙት ዓመታት፣ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቁ 18 ይወጣል። 11 እና 19 ድምራቸው 30 በመሆኑ አበቅቴና መጥቅም ሲደመሩ 30 ናቸው።

በአበቅቴ ስሌት ያለው 11 የመጣው የ354 ቀናቱ የጨረቃ ዓመት ከ365 ቀናቱ የፀሐይ ዓመት በዚያው ልክ ስለሚያንስ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል የሚቀድመውም በዚሁ ልዩነት ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ በሚጎራበቱበት በኮልፌ ትንሣኤም ረመዳንም ከአንድ ሰማይ ይሰላሉ።

ተማሪዎቻችን የጋራ ብዜትንና ቀሪን በክፍል ይማራሉ፤ አያቶቻቸው ግን በእነዚሁ ሕጎች ዘመን ሲያሰሉ ኖረዋል። ዐቢይ ቀመር በሒሳብ መጽሐፋቸው ቢገባ፣ ሒሳብ ለአገራቸው እንግዳ እንዳልሆነ በገዛ እጃቸው ሠርተው ያረጋግጣሉ።