የሆሄያት መሳሳትና መነሻው

በንፋስ ስልክ መንገድ ስናልፍ «ሥጋ ቤት» የሚለው በአንዱ ሰሌዳ በንጉሡ «ሠ»፣ በሌላው በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ እናያለን። የሰፈሩንም ስም አንዱ «ነፋስ»፣ ሌላው «ንፋስ» ብሎ ይጽፈዋል። ፊደል የቈጠሩ ሽማግሌዎች ይህን ሲያዩ ይቈጣሉ።

ነገር ግን ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ አይደለም። በጥንቱ ግዕዝ ሁለቱ ሆሄያት በድምፅ ይለያዩ ነበር፤ በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ጆሮ ሊለያቸው አይችልም። የትርጓሜው ልዩነት ግን ቀርቷል። «ሠረቀ ፀሐይ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ቢጻፍ ፀሐይን ሌባ ያሰኛል። «ሠዓሊ» ሥዕል ይሥላል፤ «ሰአሊ» ይለምናል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። እንግዲህ የተሳሳተውን ከመዝለፍ መዝገቡን ገልጦ ማሳየት ይሻላል እንላለን።