ሰይፉ አንገታቸው ላይ ነበር፦ የማንገቻ ታሪክና አደቡ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሰሞን ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን ስልኩን ይዞ ወደ እኛ መጣ። አባቱ ገጠር ውስጥ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አላቸው። ያሳየን ቪዲዮ አንድ ባለሙያ የጠመንጃ ሰደፍ በስቶ ትንሽ የብረት ጎድጓዳ ሲቀብርበት ነው። የማንገቻው ጫፍ እዚያ ውስጥ ቀጭ ብሎ ይገባል፤ ቁልፉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ደግሞ ወዲያው ይላቀቃል። «ኡስታዝ፣ ለአባቴ ላሠራላቸው አስቤ ነው፤ በዲናችን ችግር አለው እንዴ?» አለን።

መጀመሪያ ፈገግ አልን። ጠፍርና ቀለበት ምን ክርክር ያስነሳል? ግን ቤት ገብተን ሶሒሕ አል-ቡኻሪን ስንገልጥ፣ በ256 ዓመተ ሒጅራ ወደ አኼራ የሄዱት ኢማሙ ቡኻሪ (ረሒመሁላህ) በጂሃድ ኪታባቸው ውስጥ ለማንገቻ ራሱን የቻለ ባብ ከፍተው አገኘን። ባቡ ስለ ሐማኢል፣ ማለትም ስለ ሰይፍ ማንገቻ፣ እና ሰይፍን በአንገት ስለማንጠልጠል ነው። ከሱ ቀጥሎ ስለ ሰይፍ ጌጥ፣ ከዚያም በጉዞ ላይ ሰይፉን ዛፍ ላይ ስለሚሰቅል ሰው የሚናገሩ ባቦች ይከተላሉ። ሦስቱን አንድ ላይ ስናነባቸው የወንድማችን ጥያቄ እንዳሰብነው ትንሽ እንዳልሆነ ገባን።

እኛም በአማርኛ «ጠመንጃውን አነገተ» እንላለን። ቃሉ ከአንገት የመጣ ነው። የሐዲሱም ቃል ሰይፉ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንገት ላይ እንደነበር ይናገራል። ዐረቡም ሐበሻውም ብረቱን ያዋለው አንድ ቦታ ነው።

አንደኛው ባብ፦ የመዲና ሌሊት

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያወሩት ነው። አንድ ሌሊት የመዲና ሰዎች ከሩቅ የሰሙት ድምፅ አስደነገጣቸው። ጠላት መጣ ብለው ወደ ድምፁ ወጡ። መንገድ ላይ ግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ አገኟቸው። ከሁሉም ቀድመው ብቻቸውን ሄደው ነገሩን አጣርተው ነበር። የተቀመጡት በአቡ ጠልሓ (ረ.ዐ) ፈረስ ላይ ሲሆን ፈረሱ ኮርቻ አልተጫነበትም፤ ሰይፋቸው በአንገታቸው ተንጠልጥሏል። ሰዎቹን የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ ነግረው አረጋጓቸው። ያ ቀርፋፋ ይባል የነበረው ፈረስም ሩጫው እንደ ባሕር ሆኖ እንዳገኙት ተናገሩ።

አስተውሉ! ለድንገተኛ ጥሪ ወጥተዋል፤ ኮርቻ ለመጫን እንኳ ጊዜ አልነበረም። ሰይፉ ግን በእጃቸው አልነበረም። ታንግቶ ነበር። እጃቸው ፈረሱን ለመግራት ነጻ ነበር፤ ሰይፉም ካስፈለገ ቅርብ ነበር። የዚያ ሌሊት ሥራቸው የፈራን ሰው ማረጋጋት ነበርና ወደ ሰዎቹ የተመለሱት ሰይፍ መዘው አይደለም።

በዚያ ዘመን የዐረብ ሰይፍ ቀጥ ያለ ነበር፤ በቆዳ ማንገቻ ከቀኝ ትከሻ ወርዶ በግራ ጎን ላይ ያርፋል። ማንገቻው ኒጃድም ይባላል። በመድረሳ በላጋ የቀራ ሰው ያስታውሰዋል፤ ዐረቦች አንድን ሰው «ጠዊሉን-ኒጃድ»፣ ማንገቻው ረጅም፣ ካሉት ቁመቱ ረዘም ያለ ነው ማለታቸው ነው። ጠፍሩ የሚለካው በሰውየው ቁመት ነዋ። በኋላ ዘመን የቱርክ ፈረሰኞች ጎራዴውን በሁለት ጠፍር ከወገብ ቀበቶ ማንጠልጠል አስፋፉ። የዑስማንያ ሱልጣኖችም ሥልጣን ሲይዙ ኢስታንቡል ውስጥ በአቡ አዩብ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ) መቃብር አካባቢ ሰይፍ ይታጠቁ ነበር። በሌሎች ነገሥታት ዘንድ ዘውድ መጫን የሚሰጠውን ትርጉም እነሱ ዘንድ ሰይፍ መታጠቅ ይሰጠው ነበር። ብረት የሚታጠቅ ሰው አደራ ተሸከመ ማለት ነበር።

ሁለተኛው ባብ፦ ጌጡ

አቡ ኡማማ (ረ.ዐ) የነገሩን ደግሞ ለዛሬ ወጣት የተነገረ ይመስላል። አገሮችን የከፈቱት ሰዎች የሰይፋቸው ጌጥ ወርቅም ብርም እንዳልነበረ፣ ይልቁንም ጥሬ ጠፍር፣ እርሳስና ብረት እንደነበረ ተናገሩ። በኢብኑ ማጃህ ዘገባ ይህን የተናገሩት ሰዎች በብር ያስጌጡትን ሰይፍ ታጥቀው ሲገቡባቸው ተቆጥተው ነው። ዑለማዎች ጠፍሩን ሲያብራሩ ከግመል አንገት የሚወጣ ጅማት ነው፤ እርጥብ ሆኖ አፎቱ ላይ ይጠመጠምና ሲደርቅ ይጠነክራል ይላሉ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰይፍ እጀታ ጫፍ ከብር እንደነበረ የሚናገር ሐዲስ በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ስለዚህም ፉቀሃዎች በሰይፍ ላይ ጥቂት ብር መኖሩን ፈቅደዋል። አቡ ኡማማን ያስቆጣቸው ሰው በመሣሪያው መኩራራት መጀመሩ ነው።

ሦስተኛው ባብ፦ ዛፉ ላይ የተሰቀለው ሰይፍ

ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) እንዳወሩት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሰሓቦች ጋር ከነጅድ በኩል ሲመለሱ ቀትር ላይ እሾሃማ ዛፎች የበዙበት ሸለቆ ደረሱ። ሰዉ ጥላ ፍለጋ ተበታተነ። እሳቸው አንድ ግራር ሥር አረፉና ሰይፋቸውን ቅርንጫፉ ላይ ሰቅለው ተኙ። አንድ የገጠር ዐረብ ቀስ ብሎ መጥቶ ሰይፉን መዘዘው። ሲነቁ ሰውየው ከአናታቸው ቆሟል። ከእሱ ማን እንደሚያድናቸው ጠየቃቸው። አላህ ሲሉ መለሱለት። ሰውየው ምንም ማድረግ አልቻለም። እሳቸውም አልቀጡትም።

የሰይፉ ባለቤት ለማረፍ ሰይፉን ሰቀለ፤ ሰው ለመግደል ያሰበው ግን ከአፎቱ መዘዘው። አላህ (ሱ.ወ) ደግሞ ልብ ከብረት ጋር እንዳይታሰር አስተማረ፤ ጠባቂው ሰይፉ አልነበረም።

ጠመንጃ ሲመጣ አፎት ቀረ

ታሪኩ ወደ ጠመንጃ ሲሻገር አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። ሰይፍ አፎትም ማንገቻም ነበረው። ጠመንጃ አፎት የለውም። የቀረለት ማንገቻው ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ከባድ ጠመንጃዎች በትከሻ ታዝለው፣ ሲተኮሱም ሹካ መሰል ድጋፍ ላይ ተደግፈው ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ወታደር የያዘው «ብራውን ቤስ» ክብደቱ 4 ተኩል ኪሎ ገደማ ነበር፤ ሁለት የማንገቻ ቀለበት ነበረው፣ አንዱ ከቃታው መከለያ ፊት፣ ሌላው ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ። በብዙ ጠመንጃዎች ላይ የታችኛው ቀለበት በኋላ ወደ ሰደፉ ወረደ፤ ያኔ ጠመንጃው ጀርባ ላይ በደንብ ተኝቶ ሁለቱም እጅ ነጻ ሆነ። በ1874 በፈረንሳይ የተሠራውና አያቶቻችን «ውጅግራ» ያሉት ጠመንጃ ወደ አገራችን የገባው ማንገቻውን ይዞ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አዳኞች ሌላ ችግር ገጠማቸው። ጫካ ውስጥ ጠፍሩ ቅርንጫፍ ይይዘዋል፤ ጠመንጃውን ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጡም ያስቸግራል። ስለዚህ ማንገቻው የሚላቀቅበት መንገድ ተፈለገ። ወንድማችን ያሳየን ዓይነት ከዚያ የመጣ ነው። ሰደፉ ውስጥ የተቀበረው ጎድጓዳ ከውስጡ ዙሪያውን የተቦረቦረ መስመር አለው። የማንገቻው ዘንግ ጫፍ ላይ ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች እዚያ መስመር ውስጥ ይወጠራሉ። ቁልፉ ሲጫን ኳሶቹ ወደ ውስጥ ይሸሹና ዘንጉ ይወጣል።

ብልሃቱ ጥሩ ነው። ግን አፎት ለሌለው ብረት ምን አደብ ያስፈልገዋል? እዚህ ላይ ሐዲሶቹ መልሱን አስቀድመው ሰጥተዋል።

ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳወሩት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልን ከልክለዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ሁልጊዜ የተመዘዘ ሰይፍ ነው! ወደ አፎቱ የሚመለሰው ጥይቱ ሲወጣ ብቻ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ደግሞ በመስጂድ ወይም በገበያ ቀስት ይዞ የሚያልፍ ሰው ስለቱን በእጁ እንዲይዝ ታዟል፤ ሙስሊም እንዳይጎዳ። በሌላ ሐዲስ አንድ ሰው መሣሪያ ወደ ወንድሙ እንዳያመለክት ተከልክሏል፤ ሸይጧን እጁን ሊስበውና በእሳት ጉድጓድ ሊጥለው ይችላልና። በሙስሊም ዘገባ በእናትና አባት ወንድሙ ላይ እንኳ ቢሆን ብረት የሚያመለክትን ሰው መላእክት እንደሚረግሙት ተነግሯል።

በሱረቱ አን-ኒሳእ 102ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) በፍርሃት ጊዜ የሚሰገደውን ሶላት ሲደነግግ መሣሪያ ይዘው እንዲሰግዱ አዘዘ፤ ዝናብ ወይም ሕመም ካለ ማስቀመጥ ኃጢአት እንደሌለው አክሎ፣ ጥንቃቄ ግን እንዳይለይ አሳሰበ። ፉቀሃዎች ከዚህ ተነስተው በሶፍ መሐል ያለ ሰው ጎረቤቱን የሚጎዳ እንደ ጦር ያለ ነገር መያዙን ጠሉ። በጦርነት መሐል እንኳ የአጠገብህ ሰጋጅ እግር ይታሰባል!

የኢብኑ ዑመር እግር

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በሐጅ ጊዜ ሚና ላይ ሳሉ በሕዝቡ ግፊያ መሐል የጦር ጫፍ ውስጥ እግራቸውን ወጋቸው። እግራቸው ከእርካቡ ጋር ተጣበቀ፤ ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ወርደው ነቀሉላቸው። ገዥው ሐጃጅ ሊጠይቃቸው መጥቶ የወጋቸውን ሰው ለማወቅ እንደሚፈልግ ሲናገር፣ የወጋኸኝ አንተ ነህ አሉት። እንዴት ሆኖ ቢል፣ መሣሪያ በማይያዝበት ቀን መሣሪያ እንዲያዝ፣ ወደ ሐረምም እንዲገባ ያደረግከው አንተ ነህ ብለው መለሱለት። ኢብኑ ዑመር በዚያው ሰሞን መካ ውስጥ ሞቱ፤ ዓመቱ 73 ወይም 74 ሒጅራ ነው። ኢማሙ ቡኻሪ ይህን ያስቀመጡት በዒድና በሐረም መሣሪያ መያዝ ስለሚጠላበት ባብ ውስጥ ነው።

አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ሐበሾች በዒድ ቀን በነቢዩ መስጂድ በጦርና በጋሻ ተጫውተው የለ?» እውነት ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እያዩአቸው ነበር፤ ዑመር (ረ.ዐ) ሊያባርሯቸው ሲሉ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተዋቸው አሉ። ለእኛ ለሐበሾች የሚያኮራ ታሪክ ነው። ኢብኑ ሐጀር (ረሒመሁላህ) በፈትሑል ባሪ ሁለቱን ሲያስታርቁ፣ የተፈቀደው ሠልጥኖ ሰው የማይጎዳ ሰው ጨዋታ ነው፤ የተጠላው በኩራት ወይም ሰው እንዳይነካ ሳይጠነቀቅ፣ በተለይ ግፊያና ጠባብ መንገድ ላይ የሚይዝ ሰው ነው አሉ።

ወንድሞቻችን፣ እስቲ በዚህ ሚዛን የዛሬውን ሠርጋችንን እንመዝን። ሙሽራ ሲመጣ ማንገቻው ከትከሻ ይወርዳል፣ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ይቀናል፣ ይተኮሳል። ሽቅብ የሄደ ጥይት ሰማይ ላይ አይቀርም፤ የሆነ ሰው ጣሪያ ላይ፣ የሆነች እናት ግቢ ውስጥ ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ጎርሶ ይሁን ባዶ ሳያጣራ የአጎቱን ጠመንጃ ተቀብሎ፣ ወደ ጓደኛው አነጣጥሮ ፎቶ ይነሳል። ይህ የተመዘዘ ሰይፍ መቀባበል ካልሆነ ምንድን ነው? ወደ ወንድም ማመልከት ካልሆነስ? ማንም ሊጎዳ አልፈለገም ይባላል። ኢብኑ ዑመርም የተወጉት በሕዝብ ግፊያ መሐል ነበር።

ለወንድማችን የሰጠነው መልስ ይህ ነው። ማንገቻው ይፈቀዳል፤ አባትህን ከድካም የሚያሳርፍ፣ ብረቱንም ከእጅ ወደ ትከሻ የሚያወጣ ስለሆነ መልካም ነው። ግን አንደኛ፣ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጠው፤ በደንብ ያልተቀበረ ጎድጓዳ እንጨቱን ሊሰነጥቅ፣ ጠመንጃውም ሰው መሐል ሊወድቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ለባለሙያው ከመሰጠቱ በፊት አባትህ ጥይቱን ያውጡ፤ ባለሙያውም በዓይኑ አይቶ ይቀበል። ይህ ሱንና ነው። ሦስተኛ፣ በአገሪቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ አይያዝም፤ ፈቃዱ የአባትህ እንጂ ያንተ አይደለምና ጠመንጃውን ራሳቸው ይውሰዱት። አራተኛ፣ በቁልፍ የሚላቀቅ ማንገቻ ሥራው ሲገባ እንጂ ሲወጣ አይደለም፤ የእህትህ ኒካሕ ቀን ያ ቁልፍ እንዳይነካ አባትህን በአደብ ለምናቸው።

ልጁ ትንሽ ዝም አለና፣ «ኡስታዝ፣ ኒካሑ ለሚቀጥለው ወር ነው» አለን። አላህ ያግዘው።

አላህ (ሱ.ወ) እጃችንን ከወንድሞቻችን ደም ይጠብቅልን፤ ሠርጋችንንም ዒዳችንንም የደስታ ብቻ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።